አባቴን በረዶ ላይ ላሳድራቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተቻ) ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። የበረዶው ወራት ከማለቁ በፊት ሁለታችን ብቻ ተራራ ላይ አምስት ቀን በስኪ ልንጓዝ፣ አራት ሌሊትም በድንኳን ልናድር አስበናል። ሐሳቡን ያመጡት እርሳቸው ናቸው። ዳገት ላይ አሁን እኔ እበልጣቸዋለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ግን ዛሬም አልደርስባቸውም። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ቀኝ ጉልበታቸውም ብዙ ሲሄዱ ያብጣል። ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ «ደከመኝ» ወይም «በረደኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሸክም ላቅልልዎት ስላቸው ይቆጣሉ። እኔም አፌን ሞልቼ «እንመለስ» ልላቸው አልችልም። ጉዞው ይቅር ልበላቸው? የምንሄድ ከሆነስ ምን ባደርግ ይሻላል?

የአባቷ ልጅ

መልስ፦ ሂዱ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቢ ልከለክልሽ የፈለግሁ እንዳይመስልሽ ነው። እኔ አባትሽን በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ በረዶ ላይ የምትመራኝም ልጄ ናት። ስለዚህ የምመልስልሽ በአባትሽ ወገን ቆሜ ነው፤ እግረ መንገዴን የአባቶችን ምስጢር ላወጣብን ነው።

ልጁ ፊት ደከመኝ የሚል አባት ጥቂት ነው። «ምንም አልሆንሁም» ስንል በእርግጥ ደህና ሆነን ሊሆን ይችላል፤ እግራችን አልታዘዝ ብሎንም ሊሆን ይችላል። ድምፃችን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ መጠየቁን ተዪው። ባረፋችሁ ቁጥር ጣት የሚፈልግ ሥራ ስጫቸው፤ «ይህችን ዚፕ ይዝጉልኝ»፣ «የቦርሳዬን ማሰሪያ ይፍቱልኝ» በያቸው። ልጄ እኔን የምትመረምረኝ እንዲህ ነው። እየመረመረችኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሷም ማወቄን ታውቃለች፤ ዚፑን እዘጋለሁ፣ ጉዞ ይቀጥላል። ጣታቸው ዚፕ መያዝ ካቃተው፣ ሜዳ ላይ ከተደናቀፉ፣ ንግግራቸው ከተጎተተ ወይም ያለ ምክንያት ከተነጫነጩ ብርዱ ከቆዳ አልፏል ማለት ነው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የማመዛዘን ችሎታም አብሮ ይወርዳል፤ መበረዱን ከሁሉም ዘግይቶ የሚያውቀው የበረደው ሰው ነው።

ደግሞም የአባትሽ ዝምታ ሁሉ ኩራት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ዘግይቶ ይንቀጠቀጣል፤ የቆዳ የደም ሥሮችም ሙቀት ለመቆጠብ እንደ ወጣትነት ጊዜ ቶሎ አይጠብቡም። የጥም ስሜትም ይደበዝዛል። ሰውየው «አልጠማኝም» ሲል አልዋሸም፤ ሰውነቱ ነው ያልነገረው። ስለዚህ ውኃ የምትጠጡት ሲጠማችሁ ሳይሆን በየሰዓቱ ይሁን። ወፍራሙን ጃኬትም ልክ እንደቆማችሁ፣ ሳይበርዳችሁ በፊት ልበሱት። ስትነሱ አውልቁት። ዳገት ላይ ያላበ ሰው ሌሊቱን የሚከፍለው በዚያ ላብ ነው፤ ጠዋት ስትነሱ ትንሽ ቢበርዳችሁ ልብሳችሁ ልክ ነው ማለት ነው።

የደም ግፊቱን ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸው ይስማው፤ «ተራራ ልወጣ ነው» ብቻ ብለው እንዳይመለሱ አብረሻቸው ሂጂ። ብርድ በራሱ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከመድኃኒቶቹ መካከል ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ይይዛሉ፤ የእጅና የእግር ጣትም ያቀዘቅዛሉ። አባትሽ ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ሰዓታቸው ላይ የሚታየው የልብ ምት ስለ ድካማቸው ብዙ አይነግርሽም። ሽንት የሚያበዙት ደግሞ ውኃ ያስጨርሳሉ። መጠኑን መቀየር ካስፈለገ የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። የአምስቱን ቀን መድኃኒት ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን እርሳቸው፣ ግማሹን አንቺ ከውስጥ ኪስ ያዙት።

አሁን ወደ «እንመለስ» ልምጣ። ይህን ቃል ተራራው ላይ ለመናገር አትሞክሪ። ጉዳዩን ቤት ሳላችሁ፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጨርሱት። በስንት ሰዓት የትም ደረስን የትም ፊታችንን እናዞራለን? የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያው ስንተኛ ደረጃ ከሆነ ከቤት አንወጣም? ነፋሱ ምን ሲሆን ድንኳን ውስጥ እንውላለን? መልሱን አባትሽ በራሳቸው እጅ ይጻፉት፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባት ከልጁ የመጣ ትእዛዝ ላይ ሊከራከር ይችላል፤ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን አይከራከርም። ያን ጊዜ ካንቺ የሚጠበቀው «ከቀኑ 8 ሰዓት ሆነ» ማለት ብቻ ነው። ሰዓት የተናገረች ልጅ አባቷን አልደፈረችም።

መንገዱን ስታሰሉ በስዊሱ የተራራ መሪ በቬርነር ሙንተር ስም የሚታወቀውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ነጥብ፣ እያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ነጥብ ይያዝለት፤ ድምሩ ለ4 ሲካፈል የሽቅቡን ሰዓት ይሰጣል። 8 ኪሎ ሜትር ርቀትና 600 ሜትር ዳገት ቢኖር 14 ነጥብ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ግን ቀላል ቦርሳ ለያዘ ሰው ነው። ድንኳንና ነዳጅ ለተሸከመ፣ መንገዱንም በጥልቅ በረዶ ውስጥ ራሱ ለሚከፍት ሰው እኔ ለ2.5 አካፍላለሁ፤ ያው መንገድ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል። ድንኳን መትከያው ሲታሰብ ከመጨለሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ መቆም አለባችሁ። ቁጥሩ አጭር ቀን ካሳያችሁ አጭር ቀን ተጓዙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ድንኳኑን በየቀኑ አታዘዋውሩት። የ66 ዓመት ጠንካራ ሰውን የሚፈትነው አንደኛው ቀን አይደለም። አንደኛውን ቀን አባትሽ ምናልባት ካንቺ ቀድመው ይነሱ ይሆናል። ፈተናው ሦስተኛው ቀን ነው፤ በዕድሜ የገፋ ጡንቻ በአንድ ሌሊት አያገግምምና፣ ያበጠ ጉልበትም በድንኳን ውስጥ እንቅልፍ አይሻለውም። አንድ ጥሩ ሸለቆ ምረጡ፣ በመጀመሪያው ቀን ዕቃውን ሁሉ እዚያ አድርሱ፣ አራቱንም ሌሊት እዚያው እደሩ። በመካከሉ ባሉት ቀናት ቀላል ቦርሳ ይዛችሁ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። አባትሽ የሚወዱት ቁልቁለት ላይ ከባድ ሸክም አይኖርባቸውም፤ ጉልበቱ ያበጠ ቀን ድንኳን ውስጥ ቢውሉም ጉዞው አልተበላሸም። ከቦታ ቦታ መጓዝ በካርታ ላይ ያምራል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜ የሚያምረኝ ደርቆ የሚጠብቀኝ የመኝታ ከረጢት ነው።

ሸለቆው ለጥ ያለ ከሆነ ሸክሙን በወገብ በሚታሰር ተጎታች ሸርተቴ ማስገባት ትችላላችሁ። ጉልበት ያሳርፋል። ጎን ለጎን ዘንበል ባለ መሬት ላይ ግን እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ ቁልቁለት ላይም ከኋላ ይገፋል። ሸርተቴውን አንቺ ጎትቺው። ከተቆጡ መንገድ የመምረጡን ሥራ ለእርሳቸው ስጪ፤ ለዚያ ሥራ ዓይናቸው ካንቺ ዓይን ይሻላል፤ ይህንም የምልሽ ለማባበያ አይደለም።

ስለ በረዶ ናዳ አጥብቄ ልናገር። አደገኛው የናዳ ዓይነት በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ባለ ተዳፋት ላይ ነው፤ ሰው በሚሞትባቸው ናዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ናዳውን የሚያስነሣው የተጎዳው ሰው ራሱ ወይም ባልደረባው ነው። የተቀበረ ሰው በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። አሁን አስቢው፤ የምትጓዙት ሁለት ብቻ ናችሁ። አንዳችሁ ብትቀበሩ ፈላጊውም ቆፋሪውም አንድ ሰው ነው። ወርዶ የቆመ የናዳ በረዶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን ሰው ለማውጣት የሚዛቀው በብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚቆጠር ነው። አባትሽ ብቻቸውን ያን ሁሉ ዝቀው በ15 ደቂቃ ሊያወጡሽ ይችላሉ? አንቺስ? ስለዚህ ለእናንተ ሕጉ አጭር ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ያለ ተዳፋት አትርገጡ፣ ከሥሩም አትለፉ፤ ድንኳናችሁንም ከላዩ እንዲህ ያለ ተዳፋት ባለበት ቦታ አትትከሉ። የዲግሪ መለኪያ መተግበሪያ በስልክ አለ፤ በኮምፓስም ይለካል። የማስጠንቀቂያው ሚዛን ከ1 እስከ 5 ነው፤ 3 ሲሆን «መካከለኛ ነው» ብለው የሚያልፉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን ማስጠንቀቂያው 3 በሆነበት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ናዳ መፈለጊያ ሬዲዮ (በናዳ የተቀበረ ሰው የሚገኝበት መሣሪያ)፣ መፈተሻ ዘንግና አካፋ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ያዙ። አካፋ ለሁለት አንድ አይበቃም፤ የተቀበረው ሰው ቦርሳ ውስጥ ያለ አካፋ ለማንም አይጠቅምም። ሬዲዮዎቹ ሁሉ በ457 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሠሩ የተለያየ ፋብሪካ ምርት ቢሆኑም ይግባባሉ፤ ነገር ግን አባትሽ የድሮውን ባለ አንድ አንቴና መሣሪያ «አልለውጥም» ካሉ ባለ ሦስት አንቴናውን ገዝተሽ ስጪያቸው። ከዚያ ሬዲዮ ያለበት ቦርሳ ቅበሪና ይፈልጉልሽ። በሰዓት ለኪያቸው፤ እርሳቸውም ይለኩሽ። አባትን በውድድር ማሠልጠን በምክር ከማሠልጠን ይቀላል።

ሌሊቱ። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት ስኪያችሁን ሳታወልቁ ቦታውን ረግጣችሁ ደልድሉት፤ በረዶው እስኪጠነክር ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። በመግቢያው በኩል፣ በውጨኛው ሸራ ሥር ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ። አባትሽ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አውርደው እንደ ወንበር ይቀመጡበታል፤ ጫማ ሲያወልቁም ሲያጠልቁም ጉልበታቸው ብዙ አይታጠፍም። ከዚህ የሚበልጥ ለታመመ ጉልበት የሚሆን ነገር በረዶ ላይ አላየሁም።

ከሥር ሁለት ፍራሽ ይነጠፍ፤ ከታች ጠንካራው ስፖንጅ፣ ከላይ በአየር የሚነፋው። የሚነፋው ቢቀደድ ስፖንጁ ይቀራል። የመኝታ ከረጢት ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አንዱ ሰው ተመችቶት የሚተኛበት፣ ሌላው ተኮራምቶ የሚችለው ወሰን። ሻጮች ሁለተኛውን ያጎላሉ። እናንተ የመጀመሪያውን አንብቡ፤ ለአባትሽ ደግሞ ከምትጠብቁት ብርድ ቢያንስ 5 ዲግሪ የሚያልፍ ምረጡ። ሲተኙ የፈላ ውኃ በማያፈስ ጠርሙስ ሞልተሽ በካልሲ ጠቅልለሽ ከእግራቸው ሥር አድርጊላቸው፤ ጠዋት የሚጠጣ ውኃ ይሆናል። የስኪ ጫማው የውስጥ ክፍል ወጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ይደር፤ ካልሆነ ጠዋት እንደ እንጨት ደርቆ እግር አያስገባም።

በረዶ ማቅለጥ የጊዜና የነዳጅ ሥራ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ የሚፈጀው ሙቀት አንድ ሊትር ውኃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ የሚፈጀውን ያህል ነው። ኖርዌያዊው አሳሽ ናንሰንና አምስት ባልደረቦቹ በ1888 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድን በስኪ ሲያቋርጡ ነዳጃቸው ጥቂት ስለነበር በጥም ተሠቃይተዋል፤ በረዶ የሞላበት ጠፍጣፋ ጠርሙስ ደረታቸው ላይ ይዘው በገላቸው ሙቀት ያቀልጡ ነበር። እናንተ ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ሊትር ያህል ቤንዚን መሰል የምድጃ ነዳጅ ያዙ። ቡቴን የተሞላ ጋዝ አትመኑ፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል። ድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ትንሽ ውኃ ይግባ፣ በረዶው በላዩ ይጨመር፤ ደረቅ በረዶ ብቻ ከሆነ ድስቱ ያራል። ምድጃው የሚነደው መግቢያው ላይ፣ ሸራው ከላይም ከታችም ተከፍቶ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የሚያስጠነቅቅሽ ነገር አይኖርም።

ይህን ሥራ ለአባትሽ ስጪ። ልጄ ካምፕ ስንደርስ እኔን ምድጃው ላይ ትሾመኛለች፤ እርሷ ትቆፍራለች፣ ትተክላለች። ወፍራም ጃኬት ለብሼ፣ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ አውርጄ፣ እጄን እያሞቅሁ አቀልጣለሁ። ሹመቱ ተንኮል እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ውኃ የሌለው ካምፕ ካምፕ ስላልሆነ ሥራው የእውነት ሥራ ነው፤ ስለዚህም ይዋጥልኛል። አባትሽም ይዋጥላቸዋል።

የመጨረሻው ነገር፤ ከትልቁ ጉዞ በፊት መኪናችሁን ካቆማችሁበት ብዙ ሳትርቁ አንድ ሌሊት እደሩ። ሁሉንም ዕቃ እንደምትሄዱበት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ያን ሌሊት አባትሽ እንቅልፍ ካልወሰዳቸው ምክንያቱን ቤት ገብታችሁ ታስተካክላላችሁ። አልሆንልን ካለም ሌላ መንገድ አለ፤ ቀን በስኪ መውጣት፣ ማታ ከተራራ ማረፊያ ቤት ማደር። እሱም ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ የ59 ዓመት እናት ነኝ። ልጄ በረዶ ላይ ሦስት ቀን ካልወሰድሁሽ ብሎኛል፤ ደስ ብሎኛል። አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። በዚያ ብርድ እንዴት እሆናለሁ? ማታ ማታ ውኃ ባልጠጣስ?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እመቤቴ፣ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ በረዶ ላይ ያደረ ሁሉ ያለበት ነገር ነው። ብርድ ራሱ ሽንት ያበዛል፤ ደም ከቆዳ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ኩላሊት ትርፍ ፈሳሽ አለ ብሎ ያስወጣል። ውኃ መጠጣትዎን አያቁሙ፤ ውኃ ያነሰው ሰውነት ይበልጥ ይበርደዋል፣ ራስ ምታትም ያመጣል። የሚያስፈልግዎት አፈ ሰፊ ጠርሙስና ለሴቶች የሚሠራው የሽንት ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ነው፤ ከከረጢቱ ሳይወጡ፣ ተንበርክከው ይጠቀሙበታል። ቤትዎ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ደጋግመው ይለማመዱት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው በጨለማ ድንኳን ውስጥ መሆን የለበትም። ጠርሙሱ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ወፍራም ፕላስተር ይጠቅልሉበት፤ በጨለማ ከመጠጫው ጋር እንዳይሳሳት። ፊኛዎ ሞልቶ «እስኪነጋ ልታገሥ» አይበሉ፤ እንቅልፍም አይወስድዎትም፣ ሰውነትዎም ዘና አይልም። ልጅዎ ለብቻዬ ድንኳን ልተኛ ካሉት ቅር እንዳይለው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሁለት ትንንሽ ድንኳኖች ሸክም ቢጨምሩም ለአንዳንድ ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው። በነፋስ ቀን ግን አንድ ላይ እደሩ።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ስሄድ ዳገት ለመውጣት ከስኪው ሥር የሚለጠፈው ሸካራ ጨርቅ በሁለተኛው ቀን አልጣበቅ አለ፤ የእርስዋም ስልክ 40 በመቶ እያለው ጠፋ። ምን ይደረግ?

ችኩሉ

መልስ፦ ሁለቱም የሚፈልጉት ሙቀት ነው። ጨርቁን በወለቀ ቁጥር ሙጫው ለሙጫው አጥፈህ በጃኬትህ ውስጥ፣ ከሆድህ አጠገብ አድርገው፤ ቦርሳ ውስጥ አትክተተው። ከመለጠፍህ በፊት የስኪውን ሥር ከበረዶና ከውኃ ጥረግ። ሌሊት ከአንተ ጋር ከረጢት ውስጥ ይደር። እምቢ ካለ ጨርቁን ከስኪው ጋር የምታስርበት ጠንካራ ፕላስተር በስኪ ዱላህ ላይ ጠቅልለህ ያዝ። ስልኩን አጥፍታችሁ ከገላችሁ አጠገብ ያዙት፤ ነገር ግን ከናዳ መፈለጊያ ሬዲዮው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ፍለጋ ላይ ስትሆኑ ደግሞ 50። ብርድ ያጠፋው ባትሪ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የእናትህ የግንባር ባትሪ ትርፍ ድንጋዮች ግን በአንተ ኪስ ሳይሆን በእርሳቸው ኪስ ይሁኑ።